ከጽጌረዳዋ ሥር ያለው በር

እናቴ ከአራዳ ገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገባችና፣ ሰላም እንኳ ሳትለን ቀጥታ ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ታናሽ ወንድሜ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

«ሉባባ ሞታለች» አለች። «መተማ፣ ወንድሟ ቤት። ከቀበሯት ሰንብተዋል አሉ። ምነው ለኛ የሚነግረን ጠፋ?»

ከዚያ ቁጭ ብላ፣ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን ታየው ጀመር። እኔም አየሁት። እኛ ቤት ውስጥ እትዬ ሉባባን ያስታወሰ ሰው ዓይኑ ሌላ የትም ሊሄድ አይችልም። ያቺ ሴት በሕይወቷ ያን ያህል የተናደደችበት፣ የሳቀችበትም ያለቀሰችበትም ዕቃ ቢኖር ይሄው የኛ ቴሌቪዥንና ከሥሩ ያለው የዲቪዲ ዴክ ነው።

እትዬ ሉባባ ወደ መተማ ከመሄዷ በፊት የግቢያችን ተከራይ ነበረች። ጎንደር ውስጥ ሴት ሆና የሰርግ ቪዲዮ የምትቀርጽ እኔ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ሁልጊዜ ትቸኩላለች። ሻርፗ ካሜራው ላይ እየወደቀ ስላስቸገራት ጫፉን ከኋላ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ትይዘዋለች። በልብስ ማስጫ! ሰርግ ቤትም እንደዚያው ሆና ነው የምትገባው። ሰው ሲያይባት «ሙሽራዋ እኔ አይደለሁ» ትላለች፤ አለቀ።

እኛ ሙስሊሞቹ ዘንድ ሰርግ ሁለት ቤት አለው፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ። ሙሽራዋ ሂና የምትቀባ ዕለት ደግሞ ወንድ የሚባል በበሩ አያልፍም። ያን ቀን ሻርፕ ይወልቃል፣ ድቤ ይመታል። መንገድ ላይ ስታልፉ ቀና ብለው የማያዩአችሁ እነዚያ ኩሩ ሴትዮዎች ወገባቸውን በነጠላ አስረው ሲወርዱበት ብታዩ ኖሮ! ይሄን የሚቀርጽ ወንድ ከየት ይመጣል? እትዬ ሉባባ ነበረች። ካሜራዋን ከማንሳቷ በፊት ክፍሉ መሀል ትቆምና ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«አማና ነው። ይሄን ወንድ አያየውም» ትላለች።

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «አማና!» ይሏታል። ከዚያ በኋላ ነው ድቤው የሚነሳው።

ቃል መስጠቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ያን ቃል ዲቪዲ ውስጥ ማስገባት ነው። ቤተሰቡ የሚፈልገው የሰርጉን ቪዲዮ ነው፤ ወንዶቹ ኒካሁንና ምሳውን ያያሉ፣ ሴቶቹ የራሳቸውን። እናቴ አንድ ቀን፣

«ምነው ሉባባዬ፣ ሁለት ዲስክ አትሠሪም እንዴ?» አለቻት።

«ሠርቼ ነበር እኮ! አንዱ ላይ የወንዶች፣ አንዱ ላይ የሴቶች ብዬ ጻፍኩበት። የቤቱ ጎረምሶች መጀመሪያ የከፈቱት የቱን ይመስልሻል?»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሳትጽፊበት ስጫቸዋ!»

«ሳልጽፍበትማ የሙሽራው አባት ራሳቸው ከፈቱት።»

በዚህ ምክንያት ነው እትዬ ሉባባ ሚስጥራዊውን በር የፈለሰፈችው። ዲቪዲ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ምርጫ የሚመረጥበት ገጽ አለ አይደል? ሜኑ ነው የምትለው። እሱ ላይ ሦስት ምርጫ ትደረድራለች፤ ኒካህ፣ ምሳ፣ ሽኝት። ከታች በቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አለች፤ ላየ ሰው ጌጥ ናት። ሴቶቹ ግን ያውቃሉ። በሪሞቱ ሽኝት ላይ ወርደው ወደ ቀኝ አንዴ ይጫኑና፣ ምንም የተለወጠ ሳይመስል እሺ ሲሉት፣ ጽጌረዳዋ ትከፈትና የሂናው ቀን ይወጣል። ወንድ ዕድሜውን ሙሉ ሜኑው ፊት ቢቀመጥ አያገኘውም። እኔ ይሄን ስሰማ በደስታ ዘልያለሁ፤ ከዚያ በፊት በሪሞት የሚከፈት ሚስጥር መኖሩን የት አውቄ!

ያቺን ጽጌረዳ ለማብቀል ግን ያየችው መከራ።

ሜኑ የሚሠራውን ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ የጫነላት አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። ጭኖላት ተመርቆ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እሷና ፕሮግራሙ ብቻቸውን ቀሩ። «እሷ» ነበር የምትለው፤ እንደ አኩራፊ ሠራተኛ። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ብላ እንደምትነሳ አላህ ይወቅ» ትለኛለች። ፕሮግራሟ የኛን ፊደል አታውቅም። እትዬ ሉባባ የሙሽሮቹን ስም ስትጽፍላት እሷ ባዶ ባዶ ሳጥን ደርድራ ታወጣላታለች። «ስም ስጪ ብላት መስኮት ትሠራልኛለች!» መጨረሻ ላይ ስሞቹን በወፍራም እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ በካሜራዋ አንስታ፣ እንደ ፎቶ አስገባቻቸው። ፕሮግራሟ ከራሷ ጋር ይዛ የመጣቻቸው ሥዕሎች ደግሞ ነበሩ፤ በረዶ የለበሰ ዛፍ፣ የልደት ኬክ፣ አፍንጫው ቀይ የሆነ ቀልደኛ። አንዱን ሥዕል ቀይራ፣ አስቀምጣ፣ ስትመለስ በረዶው ተመልሶ መጥቶ ቁጭ! የጎንደር ሙሽራ በረዶ ሥር ሂና ስትቀባ አስቡት።

ጽጌረዳዋም እንቢ አለች። ፕሮግራሟ ለእያንዳንዱ ምርጫ የቪዲዮውን የመጀመሪያ ምስል ካልለጠፍኩ ትላለች፤ የሂናው የመጀመሪያ ምስል ደግሞ ፀጉሯን የፈታች ሙሽራ ናት። እትዬ ሉባባ ምን አደረገች? ከዚያ ወዲህ ሂና ስትቀርጽ መጀመሪያ የበሩን ቀይ መጋረጃ ብቻ ትቀርጻለች። ምስሉ መጋረጃ ይሆናል፣ በላዩ ላይ ጽጌረዳዋን ትለጥፋለች። በኮምፒውተሩ ላይ ሸጋ ሆኖ ይታያል፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ጽጌረዳዋ ዙሪያ ቢጫ ሳጥን በርቶ «እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!» ይላል።

ለዚህ ነበር የኛን ቴሌቪዥን የምትፈልገው። ሠርታ እንደጨረሰች ዲስኩን ጣቷ ላይ ሰክታ እየሮጠች ትገባለች። ያያት ሰው እሳት ልትበደር የመጣች ይመስለዋል። ከትምህርት ቤት መልስ ስለነበር እኔ ሁሌም አለሁ።

«ሙና፣ ሪሞቱን! አንቺ ወንድ ነሽ እሺ? ምንም አታውቂም። በይ ፈልጊ!»

እኔ ወንድ ሆኜ፣ ፂሜን እየዳበስኩ፣ በወፍራም ድምፅ «የሴቶቹ ደግሞ የታለ?» እያልኩ እጫናለሁ። እናቴ ከጓዳ «ድራማዬ አለፈ!» ትላለች። ቢጫው ሳጥን ሲወጣብን እትዬ ሉባባ ግንባሯን በመዳፏ ትመታና ተመልሳ ትሮጣለች። ደግሞ ሠርታ፣ ደግሞ ዲስክ ላይ ስትጽፍ፣ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ፕሮግራሟ ያልታወቀ ስህተት ብላ ትዘጋለች። ወይም መብራት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ገብቼ ቀልድ ስነግራት አፌን ያዘችኝ። «ኮምፒውተርና አማት ፊት አይሳቅም!» አለች በሹክሹክታ፣ የስክሪኑን ጎን ልጅ እንደምታስተኛ እያሻሸች።

በመጨረሻ ግን ቢጫው ሳጥን ጠፋ። እንዴት እንዳጠፋችው አልነገረችኝም። ብቻ እኔ በወንድነቴ ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣሁት። እትዬ ሉባባ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሱጁድ ወረደች። ከዚያ በኋላ ዲስኮቿ በሙስሊሞቹ ሰፈር፣ በአዲስ ዓለም፣ ቤት ሁሉ ገቡ። ሂና የምትቀባ ልጅ ያላት እናት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠራው እሷን ሆነ።

ከዚያ የሀያት ሰርግ መጣ።

የሰፈራችን ልጅ ሀያት አዲስ ዓለም ተዳረች። ሰርጉ ካለፈ በኋላ የባሏ አባት ዘመድ ጎረቤቱን ምሳ ጠሩ፣ ቪዲዮውንም አብሮ ለማየት። ወንዶቹ ሳሎን ናቸው፣ ቴሌቪዥኑም እዚያ ነው። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነን፤ እናቴና እኔ፣ ሀያትና አማቷ፣ ድቤ መቺዋ እማማ ዘይነባ፣ እትዬ ሉባባም አለች። የኒካሁን ድምፅ እየሰማን፣ የምሳውን ድምፅ እየሰማን በላን። ሽኝቱ ደረሰ። የሽኝቱ መጨረሻ መኪናዋ ርቃ ስትሄድ ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም። ጸጥ ሲል ወንዶቹ ያለቀ መሰላቸው መሰለኝ፣ አንድ ትልቅ ሼህ እጃቸውን ለዱዓ አነሱ። ሁሉም አነሳ። እኛም ከወዲህ መዳፋችንን ዘረጋን።

ዱዓው ረጅም ነበር። ለሙሽሮቹ፣ ለወላጆቻቸው፣ ለሞቱት፣ ላልተወለዱት። እኛ «አሚን» እንላለን፣ እነሱ «አሚን» ይላሉ። መሀል ላይ ከወንዶቹ በኩል ድቤ ተመታ።

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ እልልታ መጣ። ከዚያ የሀያት አማት ድምፅ፣ ወገባቸውን አስረው ያዜሙት፣ በግልጽ! የራሳችንን ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ሰማነው። እጃችን ግን እንደተዘረጋ ነው፤ በዱዓ መሀል እጁን አውርዶ የሚነሳ ሰው የለማ! ወንዶቹም አልተነሱም። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ድቤውን የምንመታው እኛ መስለናቸው ዱዓቸውን ቆም አድርገው፣

«ሴቶች! ምነው? ዱዓ ላይ እኮ ነን!» አሉ።

እኛ ከወዲህ ትንፋሻችን የለም። ከወዲያ ደግሞ እየጨፈርን ነው። ማንም ሼሁን አላረማቸውም፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ሳቄ ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ የሀያት ፊት ይመጣና ሳቁን ይወስደዋል። አማቷ ሴት ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ሻርፓቸውን ቀስ አድርገው እስከ ዓይናቸው ሳቡት። እትዬ ሉባባ ተነስታ መጋረጃው ጋ ደርሳለች። ጨርቁን ጨብጣዋለች። ማጥፋት የምታውቀው እሷ ናት፣ መግባት የማትችለውም እሷ ናት። ዱዓው እስኪያልቅ እንደዚያው ጨርቁን እንደያዘች ቆመች።

እማማ ዘይነባ ብቻ ከተቀመጡበት ሆነው በቀስታ ጠየቋት።

«ሉባባ፣ የልጄ የሰሚራዬም ዲስክ እንደዚህ ይሄዳል?»



በማግስቱ የሀያትን ዲስክ እኛ ቤት አምጥታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ! ያን ሁሉ ወራት ሜኑውን ነበር የምንሞክረው፤ በሩን ስንከፍት ስንዘጋ፣ አንዴም ሽኝቱ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው የለም። አለቀ፤ መኪናዋ ሄደች፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ቀዩ መጋረጃ መጣ። ያን ሁሉ የደከመችለት በር ከፊት ለፊት ተቆልፏል፣ ጓሮው ግን ክፍት ነበር። ፕሮግራሟ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንዱ ሲያልቅ ምን ይምጣ የሚል ምርጫ ነበረ፤ እሷ አልነካችውም፣ ፕሮግራሟም አልጠየቀቻትም።

አስተካከለችው። ሮጣ መጥታ አሳየችን። ሽኝቱ ሲያልቅ ሜኑው ተመለሰ። «ተመለሰች! አያችሁ? ተመለሰች!» ብላ አጨበጨበች። እናቴ ግን፣

«ሸጋ ነው ሉባባዬ። አሁን ለማን ታሳይዋለሽ?» አለቻት።

እውነቷን ነበር። በቀጣዩ ሂና እኔም ነበርኩ። እትዬ ሉባባ መሀል ክፍሉ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አማና ነው» አለች። የመለሰላት ሰው የለም። ድቤው መሬት እንደተቀመጠ ነው፣ ሻርፕም አልወለቀም። ሁሉም በትህትና ፈገግ ብለው ጠበቁ። ካሜራዋን ከድና ወጣች። እውጭ ጫማዋን ስታደርግ ድቤው ከውስጥ ተነሳ።

ከዚያ ቤት ለቤት እየዞረች ዲስኮቿን መሰብሰብ ጀመረች። ማንም አልከለከላት። አንዳንዷ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነበር የምታቀብላት። አንዷ «ሰባብሬዋለሁ፣ አትልፊ» አለቻት ከደጅ። ሠርታ ልትመልስላቸው ብትፈልግም አልቻለችም፤ የካሜራ ካሴት ውድ ስለሆነ አንዱን ሰርግ በሌላው ላይ ነበር የምትቀርጸው፣ ከኮምፒውተሯም ቦታ እየጠበባት ያለቀውን ታጠፋ ነበር። የሁሉም ሂና ያለው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው።

መጨረሻ የቀሩት እማማ ዘይነባ ናቸው። ሰሚራ የሳቸው ብቸኛ ሴት ልጅ ነበረች፤ ተድራ ዓመት ሳይሞላት በወሊድ ሞተች። እናቴ እትዬ ሉባባን «እዚያስ ብቻሽን አትሂጂ» ብላ እኔን አስከተለቻት።

«እማማ፣ ከፈለጉ ይተዉት፤ ደብቀው ያስቀምጡት» አለች እትዬ ሉባባ፣ ገና ሳይጠይቋት።

«እኔስ እደብቀው። ወንዶች ልጆች ናቸው ያሉኝ። እኔ ስሞት ማን ይደብቀዋል? የሞተ ሰው ፀጉሩን መልሶ አይሸፍን» አሉ እማማ ዘይነባ። ዲስኩን ግን አልሰጧትም፤ ጉልበታቸው ላይ ነው። «በወንዶቹ በኩል ያለችው እኮ ሙሽራ ናት። አንገቷን ደፍታ፣ ተሸፍና፣ ማንኛዋም ልትሆን ትችላለች። ልጄ ያለችው በዚያኛው በኩል ነው።»

«አስተካክዬ አመጣታለሁ» አለች እትዬ ሉባባ። «ጓሮውን ዘግቼ።»

«አማና?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ቃል ያላት ሰው አልነበረም። እትዬ ሉባባ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አማና» አለች፤ ዲስኩንም ሰጧት።

ያን ክረምት ከዚያ ዲስክ ላይ ሰሚራን ለማውጣት ያልሞከረችው የለም። ፕሮግራሟ ከዲስክ ላይ መልሶ መውሰድ አልወደደችም። አንዴ ምስሉን ያለ ድምፅ አወጣችላት፤ ሰሚራ አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ ትስቃለች። አንዴ ድምፁን ያለ ምስል። ሁለቱን ስታገጣጥማቸው ድምፁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሰሚራ አፍ ከተዘጋ በኋላ ሳቋ ይመጣል። እኛ ቤት ይሄን ስናይ እናቴ «አጥፉልኝ፣ አጥፉልኝ» ብላ ወጣች። አንድ ቀን ተስተካከለ፤ በደንብ ተስተካከለ፤ አዲሱ ዲስክ ላይ ሲጻፍ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሠራችውን ሁሉ ረስቶታል። እንደገና ለመጀመር ዋናውን ዲስክ አስገባችው። ኮምፒውተሩ አንገራገረ፣ አንገራገረ፣ ተፋው። እየሮጠች እኛ ቤት አመጣችው። ዴኩም አዙሮ አዙሮ ዲስክ የለም አለ። በሻርፗ ጠርጋ ደግማ አስገባችው። ዲስክ የለም። ርካሽ ዲስክ ነበር፤ ያንን ሁሉ መመላለስ አልቻለም።

እትዬ ሉባባ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ሙና» አለችኝ፣ «ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

እማማ ዘይነባ በራቸው ላይ ጠበቁን። አልጋቸው ላይ አስቀመጡን፣ እሳቸው ከፊታችን በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«አመጣሻት?»

«እማማ... አትነበብም። ጠፋችብኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ እሱንም አላደረጉ። እጃቸውን አፋተጉና፣

«አንቺ ግን ስትሠሪያት አይተሻታል» አሉ።

«ብዙ ጊዜ። በጣም ብዙ ጊዜ እንጂ እማማ።»

«እንግዲያው ንገሪኛ።»

እትዬ ሉባባ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ፣ ባዶውን ግድግዳ እያየች ጀመረች።

«መጀመሪያ መጋረጃው ነው። ከዚያ ሰሚራ ግራ እጇን ዘርግታለች። ሂና ቀቢዋ 'አትነቃነቂ' ትላታለች። እሷ ደግሞ 'አፍንጫዬን አሳከከኝ፣ ማነው የሚያክልኝ?' ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። እርስዎ በግራ በኩል ይገባሉ...»

«እኔም አለሁ?»

«አሉ እንጂ። አፍንጫዋን ያኩላታል። ድቤውን በብብትዎ ይዘዋል። 'ይቺ ልጅ ባሏንም እንዲህ ልታዝ ነው' ይላሉ። ሰሚራ ባልተቀባው እጇ ድቤውን ትነጥቅዎታለች። ፀጉሯ በዚህ በኩል ይወርዳል፤ አታነሳውም። ድቤውን ጉልበቷ ላይ ታደርገዋለች።» እዚህ ላይ ቆመች። እትዬ ሉባባ ድምፅ የላትም፤ ዘፈን የሚባል አይሆንላትም። «እዚህ ጋ ትዘፍናለች» አለች።

እማማ ዘይነባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እትዬ ሉባባ የዘፈኑን ርዝመት በልቧ ታውቀው ነበር፤ አልቸኮለችም፣ አላሳጠረችውም፤ ግድግዳውን እያየች እስከ መጨረሻው ጠበቀችው።

«አሁን ሳቀች» አለች።